ባንኩ ታማዮን ምን አላት?

[ዓመቱ ሊያልቅ አራት ቀን ቀርቶታል። በካዞ ከተማ ዳርቻ ሁለት ቤቶች ጎን ለጎን ቆመዋል። በአንድ ዓመት ተሠርተው፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዋጋ፣ ከአንድ ባንክ በተወሰደ የሠላሳ አምስት ዓመት ብድር ነው የተገዙት። የቀኙ የወይዘሮ ኪኑኤ፣ የግራው የታማዮ ነው። ኪኑኤ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። በሰፈሩ በባልትናም በቁጠባም የሚስተካከላት የለም፤ ይህንንም ከማንም ቀድማ የምትናገረው ራሷ ናት። ታማዮ በሰባት ዓመት ታንሳታለች። ስታወራ ዝግ፣ ስትሠራ ደግሞ ይባስ ዝግ ትላለች። ሁለቱም ያሉት በታማዮ ሳሎን ነው። እንደ አገሩ ልማድ አዲስ ዓመት ሳይገባ በመስተዋት ፋንታ ወረቀት የሚለጠፍበት ተንሸራታች በር ወረቀቱ እየተለወጠ ነው። ሥራውን የጀመረችው ታማዮ ነበረች፤ ተንበርክካ የምትለጥፈው ግን ኪኑኤ ናት።]

ታማዮ: እትዬ፣ ሙጫ እኮ ያው ሙጫ ነው።

ኪኑኤ: ያው ነው ትለኛለች! ሦስት መቶ የን አውጥተሽ ሙጫ በጠርሙስ ትገዣለሽ? ትናንት የተረፈሽ ሩዝ የት ሄደ?

ታማዮ: በላነው።

ኪኑኤ: ሙጫውን በላችሁታ!

ታማዮ: ኧረ ሩዙን ነው የበላነው። ሙጫውማ ይኸው።

ኪኑኤ: የተረፈ ሩዝ ማለት ሙጫ ማለት ነው፣ አንቺ ገልቱ! ትደፈጥጪዋለሽ፣ በሙቅ ውሃ ታሺዋለሽ፣ በወንፊት ታሳልፊዋለሽ፣ በቃ! ሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤቴ ሆነሽ ይቺን እንኳ አልያዝሽም?

ታማዮ: እርስዎ ሲሠሩት ቀላል ይመስላል። እኔ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ባንክ...

ኪኑኤ: ባንክ ከሩዝ ጋር ምን አገናኘው? ዝም ብለሽ እጄን እዪ። ብሩሹ ከላይ ወደ ታች። እንዲህ። አየሽ?

ታማዮ: አየሁ።

ኪኑኤ: እስቲ ሞክሪው።

[ታማዮ ብሩሹን ተቀብላ አንድ ጊዜ ነካ ብታደርገው ወረቀቱ እንደ አሮጊት ጉንጭ ተጨማደደ።]

ኪኑኤ: ተይው! ተይው አልኩሽ! አምጪ ወዲህ! ይሄ እጅ ነው?

ታማዮ: አልሆነልኝም።

ኪኑኤ: መቼ ሆኖልሽ ያውቃል! የባልሽን ሱሪ ጫፍ ስትሰፊ አንዱን እግር አሳጥረሽ፣ እኔ አይደለሁ ፈትቼ የሰፋሁት? ጎመን በጨው ስትጥዪ አበላሽተሽው፣ እኔ አይደለሁ በርሜሉን አጥቤ እንደገና የጣልኩልሽ?

ታማዮ: እርስዎ ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ።

ኪኑኤ: እግዜር ሰጥቶ ሰጥቶ ደከመው። ይልቅ ያን ቦርሳ ክፈቺና ዕቃሽን ተረከቢ። አራት ሱቅ ዞሬ ነው ያመጣሁት። በብስክሌት! በዚህ ብርድ!

[ታማዮ ቦርሳውን ከፍታ ዕቃውን አንድ በአንድ ታወጣለች። መጀመሪያ የወጣው ቶፉ የሚባለው የአኩሪ አተር አይብ ነው።]

ታማዮ: ቶፉ...

ኪኑኤ: ሠላሳ ስምንት የን። ጣቢያው አጠገብ ያለው ሱቅ አርባ አምስት ነው የሚለው። በሰባት የን ልዩነት ሦስት ኪሎ ሜትር ነዳሁ!

ታማዮ: ውይ፣ ለሰባት የን?

ኪኑኤ: ይኸው! ይኸው! «ለሰባት የን?» ትለኛለች! ቤት የሚያፈርሰው እኮ ሚሊዮኑ አይደለም፣ ሰባቷ የን ናት! ሰባት የን በቀን፣ በዓመት ስንት ነው?

ታማዮ: ብዙ ነው።

ኪኑኤ: ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ አምስት ነው! ብዙ ነው ይባላል እንዴ! ብዙ ቁጥር ነው?

[ኪኑኤ የመጀመሪያውን በር ጨርሳ እጇን በጨርቅ አደረቀችና፣ ትንሽ ለማረፍ ብላ እግሯን ወደ ኮታትሱው ሥር ሰደደች። ኮታትሱ ማለት ከሥሩ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለው፣ ዙሪያውን ወፍራም ብርድ ልብስ የለበሰ አጭር ጠረጴዛ ነው። ሙቀቱ ከጣቶቿ ተነሥቶ ጉልበቷ ላይ ሲደርስ ዓይኗ ሊከደን ምንም አልቀረው። የራሷ ቤት ኮታትሱ ሶኬቱ ከተነቀለ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ባሏ ሾዞ ቤት ውስጥ በካፖርት ይቀመጥ ነበር፤ አሁን ደግሞ ነፃ ሙቀት ፍለጋ ቀኑን ሙሉ ቤተ መጻሕፍት ነው የሚውለው። ኪኑኤ ታማዮ ቤት የምትመጣው ልታስተምር ነው። እግሯ ግን የሚመጣበት ሌላ ምክንያት አለው።]

ኪኑኤ: ይሄ ማሞቂያ ስንት ላይ ነው?

ታማዮ: ሦስት ላይ።

ኪኑኤ: ሦስት! ብረት ልታቀልጪ ነው?

ታማዮ: ልቀንሰው?

ኪኑኤ: [ፈጥና] አሁን ከሞቀ በኋላ ምን ያደርጋል። ተይው።

ታማዮ: ቺጉሳ ለአዲስ ዓመት ትመጣለች እትዬ? ልጇ እንዴት አድጎ ይሆን!

[ቺጉሳ የኪኑኤ አንድያ ልጅ ናት፤ ሩቅ ሴንዳይ ከተማ ነው ያገባችው። አምና ሕፃኑን ይዛ መጥታ፣ ልጁ በእናቷ ቤት ብርድ ታሞ በሦስተኛው ቀን ይዛው ተመልሳለች።]

ኪኑኤ: አትመጣም። ቤታችሁ ይበርዳል ትላለች። የዘንድሮ ልጆች! እኛ በረዶ ላይ አይደል ያደግነው?

ታማዮ: ማሞቂያውን ለሦስት ቀን እንኳ ቢሰኩት...

ኪኑኤ: ብድሩ ሲያልቅ እሰካዋለሁ! አራት ዓመት ነው የቀረኝ። አራት! ዘጠኝ ዓመት ቀድሜ ነው የምጨርሰው፣ በካዞ ማንም ያላደረገውን። ያን ጊዜ ይመጣሉ።

ታማዮ: ያን ጊዜ ልጁ ትምህርት ቤት ይገባል።

[ኪኑኤ ብድግ አለች። ሁለተኛውን በር ከቦታው ነቅላ አጋደመችውና አሮጌውን ወረቀት መላጥ ጀመረች።]

ታማዮ: እትዬ፣ ያን የባንኩን ነገር ልንገርዎት እንጂ። ዛሬ ጠዋት ጠርተውኝ ሄጄ ነበር። ስለ ቤቱ ብድር።

[የኪኑኤ እጅ ቆመ። እሷ በምታውቀው፣ ባንክ ሰው የሚጠራው ለደግ አይደለም።]

ኪኑኤ: ጠርተውሽ? ማን ጠራሽ?

ታማዮ: ያ መነጽር ያደረገው ሰውዬ። ወንበር ሳበልኝ፣ ውሃ አመጣልኝ...

ኪኑኤ: ውሃ? ስትሰሚው እንዳትወድቂ ነዋ!

ታማዮ: ከዚያ ወረቀቱን አገላበጠና «አለቀ» አለኝ።

ኪኑኤ: አለቀልሽ!

ታማዮ: አዎ፣ አለቀልኝ።

ኪኑኤ: እና እንዲህ ዘና ብለሽ ትነግሪኛለሽ?

ታማዮ: መጀመሪያ እኔም አላመንኩም። ብድግ ብሎ እጅ ነሣኝ። እስከ በሩ ሸኝቶኝ «ከእንግዲህ መምጣት አያስፈልግዎትም» አለኝ።

ኪኑኤ: አባረረሽ!

ታማዮ: ኧረ በትሕትና ነው ያለኝ።

ኪኑኤ: እነሱ በትሕትና ነው የሚያባርሩት! ለዚያ ነው የሚሠለጥኑት! ወረቀትስ አስፈረመሽ?

ታማዮ: ፈርሜያለሁ። የቤቱንም ሰነዶች በትልቅ ፖስታ አድርጎ አስታቀፈኝ።

ኪኑኤ: ወርውሮልሻል በይ። ባልሽስ ምን አለ?

ታማዮ: ዮሺካዙ? መኪና እየነዳ ነበር። ስነግረው ዳር ይዞ አቁሞ አለቀሰ።

ኪኑኤ: ያልቅስ እንጂ ምን ያድርግ! እንዲህ ያለች ሚስት ይዞ እሱ ያላለቀሰ ማን ያልቅስ!

[ኪኑኤ ደስ አላት። ሃያ ሁለት ዓመት «ይሄ ቀን ይመጣል» ስትል ኖራ ቀኑ መጣ። ወዲያው ደግሞ ደስ በማለቷ አፈረች፣ ከማፈሯ የተነሣም ድምፅዋን ከፍ አደረገች።]

ኪኑኤ: አላልኩሽም? አፌ እስኪደርቅ አልነገርኩሽም? የመታጠቢያ ውሃሽን ለልብስ ማጠቢያ አድርጊ ስልሽ ትደፊዋለሽ። የራዲሽ ሥር ልጣጭ ጥበሺ ስልሽ ትጥዪዋለሽ። እኔ ጠብሼ ካላመጣሁልሽ ልጣጭ በልተሽ ታውቂያለሽ?

ታማዮ: የእርስዎ ይጣፍጣል።

ኪኑኤ: አዎ ይጣፍጣል! ቤት የሌለው ሰው ግን የት ቁጭ ብሎ ይበላዋል? ለመሆኑ መቼ ነው የምትወጡት?

ታማዮ: እንዴት አወቁ? ከነገ ወዲያ ነው።

ኪኑኤ: ከነገ ወዲያ! አዲስ ዓመትን እንኳ አይጠብቁም? አረመኔዎች!

ታማዮ: ኧረ አዲስ ዓመትን እዚያው ልንውል ነው።

ኪኑኤ: የት ነው እዚያው?

ታማዮ: ኩሳትሱ። ፍል ውሃ።

ኪኑኤ: ፍል ውሃ?

ታማዮ: ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ውድ ነው። ዮሺካዙ ወገቡን ያመዋል።

ኪኑኤ: [ራሷን ይዛ] ሰማችሁልኝ! ሜዳ ላይ ወድቃ ፍል ውሃ ትሄዳለች! ከሦስት ቀን በኋላስ?

ታማዮ: እንመለሳለን።

ኪኑኤ: ወዴት?

ታማዮ: ወዲህ ነዋ።

ኪኑኤ: ወዲህ ማን ያስገባሻል፣ አንቺ የማይገባሽ! ቁልፉን ይለውጡታል!

ታማዮ: ቁልፉን እንኳ አዎ፣ ዮሺካዙ ይለወጥ እያለ ነው፤ አርጅቷል።

[ኪኑኤ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እንዲህ ካለች ተላላ ጋር መከራከር ሙቀት ማባከን ነው። ዓይኗ ወደ ክፍሉ ዕቃ ዞረ። የሚሆነው ላይቀር፣ ዕቃው በማይታወቅ ሰው እጅ ከሚወድቅ...]

ኪኑኤ: እሺ፣ አሁን ራስሽን አረጋጊ። ይሄን ኮታትሱ ምን ልታደርጊው ነው?

ታማዮ: አዲስ ልንገዛ አስበናል። ይሄ ጠበበን።

ኪኑኤ: [የመጨረሻውን እንዳልሰማች] ሦስት መቶ የን እሰጥሻለሁ። ለአንቺ ብዬ ነው። አሮጌ ዕቃ የሚያነሣ ቢመጣ ለማንሻ ብሎ አንቺኑ ነው የሚያስከፍልሽ።

ታማዮ: ኧረ በነፃ ይውሰዱት እትዬ!

ኪኑኤ: በነፃ! ሦስት መቶ የን እየሰጠኋት በነፃ ውሰጂ ትለኛለች! አየሽ? አየሽ? ለዚህ እኮ ነው ቤትሽን ያጣሽው!

ታማዮ: ማን ነው ቤት ያጣው?

ኪኑኤ: አንቺ ነሻ!

ታማዮ: እኔ? መቼ?

ኪኑኤ: ዛሬ ጠዋት! «አለቀ» አላለሽም?

ታማዮ: ብድሩ ነዋ ያለቀው። ከፍለን ጨረስን።

[ልትለጥፍ ካነሣችው ብሩሽ ጫፍ አንዲት የሙጫ ጠብታ ምንጣፉ ላይ ወደቀች። ኪኑኤ አልጠረገቻትም። ታማዮ እስከዛሬ ኪኑኤ ያልጠረገችው ጠብታ አይታ አታውቅም።]

ኪኑኤ: ከፍላችሁ... አሥራ ሦስት ዓመት እኮ ይቀረዋል።

ታማዮ: አዎ፣ እሱን ነው ሰውየው ያደነቀው። አሥራ ሦስት ዓመት ቀድማችሁ ጨረሳችሁ አለኝ።

ኪኑኤ: እኔ አራት ይቀረኛል። እኔ! በካፖርት የምተኛዋ!

ታማዮ: ያሳዝናል።

ኪኑኤ: አትዘኚልኝ! ከየት አመጣሽው? ሎተሪ ነው? አክስት ሞተችልሽ?

ታማዮ: የምሳ ሣጥን ፋብሪካ ነው።

ኪኑኤ: ምኑ?

ታማዮ: ምሳ በሣጥን የሚያሽጉበት፣ ከወንዙ ማዶ ያለው። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ እዚያ ስሠራ። በሰዓት አንድ ሺህ የን ነው የሚከፍሉት። ዓሣውን እኔ ነኝ የምደረድረው። ለሱ እንኳ እጄ ጥሩ ነው ይሉኛል።

ኪኑኤ: ውሸት! አንቺ እስከ ቀትር ነው የምትተኚው። ዕቃሽን ይዤ ስመጣ ሁልጊዜ እያዛጋሽ ነው በር የምትከፍቺው!

ታማዮ: ከሥራ ስገባ ነዋ። ከጠዋቱ ሦስት እስከ ሰባት ሰዓት ቆሜ ነው የምውለው፤ ይደክማል።

ኪኑኤ: ከሦስት እስከ ሰባት...

ታማዮ: እርስዎ ገበያ ሲዞሩልኝ።

[ኪኑኤ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሂሳብ የምትችል ሴት ናት፤ ሳትፈልግ አእምሮዋ ማባዛት ጀመረ። በየጠዋቱ አራት ሰዓት፣ በሰዓት አንድ ሺህ፣ ዘጠኝ ዓመት... ከዚያ ደግሞ የራሷን ጠዋቶች፣ ቶፉ በሰባት የን፣ እንቁላል በአሥራ ሁለት የን... እዚያ ላይ ማባዛቱን አቆመችው።]

ኪኑኤ: ለምን አልነገርሽኝም?

ታማዮ: ነግሬዎት ነበር እኮ። ሥራ የጀመርኩ ዕለት «እትዬ፣ ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት ገበያ መውጣት አልችልም፣ ምክንያቱም...» ስል፣ «ብትወጪስ ምን ታውቂያለሽ! ዝርዝሩን ስጪኝ!» ብለው ከእጄ ነጠቁኝ። ምክንያቱን ልነግርዎት ዘጠኝ ዓመት ሞከርኩ።

ኪኑኤ: ስፌቱስ?

ታማዮ: መርፌ ላነሣ ስል ይነጥቁኛል።

ኪኑኤ: ጎመኑ?

ታማዮ: እሱን እንኳ አልጠየቅሁዎትም። በርሜሉን ይዘው ሲሄዱ ነው ያየሁዎት።

ኪኑኤ: ስለዚህ እኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ገረድሽ ነበርኩ!

ታማዮ: ኧረ እትዬ! ለገረድ እኮ ይከፈላል።

[ታማዮ ይህን ያለችው ለማጽናናት ነበር። ኪኑኤ ብድግ አለች። የእጅ መጥረጊያ ጨርቁን ወረወረች፣ ወዲያው ደግሞ አንሥታ አጣጥፋ አስቀመጠችው። ወደ በሩ ሄዳ አንድ ጫማዋን አጠለቀች። የሚያስወጣት ንዴቱ ብቻ አልነበረም። ትኩሳት ያለበት ሕፃን ታቅፋ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ታክሲ ስትጠብቅ የነበረችው ቺጉሳ ፊቷ ላይ ተደቀነች። ያን ዕለት የኪኑኤ ሐሳብ የነበረው ታክሲው ስንት ያስከፍላት ይሆን የሚለው ነበር።]

ታማዮ: እትዬ፣ አይቆጡ። እኛ ኩሳትሱ ስንሄድ ይሄ ቤት ባዶ ነው። ቺጉሳን ይደውሉላት። ከነልጇ እዚህ ይረፉ። ኮታትሱው አለ፣ ፍራሽም አለ። እርስዎና ጋሼ ሾዞም ይምጡ።

ኪኑኤ: በሰው ሂሳብ መብራት ላስቆጥር?

ታማዮ: እኔ እከፍለዋለሁ። ዘጠኝ ዓመት ዞረውልኛል።

ኪኑኤ: [ሁለተኛውን ጫማ እየፈለገች] ምጽዋት አልፈልግም። ደኅና ዋይ።

ታማዮ: እሺ። እኔም አሁን እወጣለሁ። ማመልከቻ ጸሐፊው ሳይዘጋ ልድረስ።

ኪኑኤ: [ሳትዞር] የምን ማመልከቻ ጸሐፊ?

ታማዮ: ብድሩ ቢያልቅም የባንኩ ስም ከቤቱ መዝገብ ላይ ካልተፋቀ ቤቱ መያዣ እንደሆነ ይቀራል አሉኝ። ይፋቅልኝ ብሎ ለመዝገብ ቤት መጻፍ ነው። ጸሐፊው አሥራ አምስት ሺህ የን ጠየቀኝ።

[ጫማው ከኪኑኤ እጅ ወደቀ።]

ኪኑኤ: ስንት?

ታማዮ: አሥራ አምስት ሺህ።

ኪኑኤ: አሥራ አምስት ሺህ የን! ስምና አድራሻ ለሚጽፍ! ወርቅ ነው የሚጽፍበት? ራስሽ ከጻፍሽው እኮ ለመሬቱ አንድ ሺህ፣ ለቤቱ አንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ ብቻ ነው!

ታማዮ: እኔ አልችልበትም። ፎርሙን አምጥቼዋለሁ፣ ግን የቱ ጋ ምን እንደሚጻፍ...

ኪኑኤ: አሳዪኝ።

ታማዮ: ኧረ ይተዉት፣ እርስዎ ተቆጥተዋል...

ኪኑኤ: አሳዪኝ አልኩሽ! በቁሜ አሥራ ሦስት ሺህ የን ሜዳ ላይ ሲፈስ ልይ? እስክሪብቶ! አይ፣ ይሄ አይደለም፣ ጥቁሩን!

[አንድ እግሯ ጫማ አጥልቆ፣ አንዱ በካልሲ፣ ኪኑኤ ተመልሳ መጣች። ጫማውን አውልቃ ጣለችው። ኮታትሱው ሥር እስከ ወገቧ ገብታ ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።]

ታማዮ: ልሞክረው እኔ?

ኪኑኤ: እጅሽን አንሺ፣ ታበላሺዋለሽ! የመሬቱ ቁጥር የታለ? ፖስታውን አምጪ። እዪ እንግዲህ፣ እዚህ ላይ የባለቤቱ ስም፣ እዚህ ላይ የባንኩ ስም...

[ትጽፋለች። ፊደሏ እንደታተመ ነው። ታማዮ እጇን አጣጥፋ ታያለች።]

ኪኑኤ: [ቀና ሳትል] ማሞቂያው... ሦስት ላይ ነው የሚቆየው?

ታማዮ: ሦስት ላይ።

ኪኑኤ: ሁለት ይበቃል። የምናስተኛው ልጅ ነው፣ ዳቦ አይደለም።

ታማዮ: እሺ። ማታ ይደውሉላታ።

ኪኑኤ: አሁን እደውላለሁ፣ በአንቺ ስልክ። ይሄን ልጨርስ።

[ታማዮ ፎርሙን ከሥሯ ሳብ አድርጋ «የቀረውን ነገ ያድርጉት» ልትል ሞከረች። ኪኑኤ በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው።]

ታማዮ: [ለራሷ፣ በጣም ቀስ ብላ] ሞኝና ወረቀት...

ኪኑኤ: ምን አልሽ?

ታማዮ: ኧረ ምንም። ሻይ ላፍላልዎት ነው ያልኩት።

ኪኑኤ: አዲስ ቅጠል እንዳታወጪ! የጠዋቱ ላይ ውሃ ጨምሪበት። አይ... ተይው፣ ተይው፣ እኔው እመጣለሁ!